በኦንላይን ጫማ ለምትሸጡ፦ ማስታወቂያው ራሱ እግር ይለካ

ደብረ ብርሃን ሆናችሁ በቲክቶክና በቴሌግራም ጫማ የምትሸጡ፣ "ቁጥሬ 40 ነው" ብሎ ያዘዘ ሰው "ጠበበኝ" ብሎ ሲመልስ ታውቁታላችሁ። ዕቃው መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ድረስ በመኪና ከተላከማ፣ የደርሶ መልሱ ሒሳብ ትርፏን ይበላታል።

ቀጣዩን ቪዲዮ እንዲህ ቅረጹት። ጫማው ከመታየቱ በፊት አንድ ሰው ተረከዙን ግድግዳ አስነክቶ ወረቀት ላይ ይቁም። የረጅሙ ጣት ጫፍ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉና በማስመሪያ ለኩ። በሴንቲ ሜትር የመጣው ላይ 1.5 ደምሩ፣ ድምሩን በ1.5 አባዙ። እግሩ 25 ከሆነ 39.75 ይመጣል፤ 40 ቁጥር ማለት ነው። ስሌቱን ስክሪኑ ላይ በትልቁ ጻፉት፤ ድምፅ አጥፍቶ የሚያይ ብዙ ነው።

ስሌቱ የሚሠራው፣ እንደ 40 ያለው የአውሮፓ የጫማ ቁጥር አንዱ እርከን የሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ስለሆነ ነው። የምትደመረዋ 1.5 ለጣት መፈናፈኛ ናት። ደግሞ ተመልካቹ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ወረቀት ፍለጋ ይነሳል። ልኩን ኮሜንት ላይ እንዲጽፍ ጠይቁት፣ ቁጥሩን እናንተ መልሱለት። ያኔ ወሬው ይደምቃል።

ለሕፃናት ጫማ ግን አትጠቀሙበት፣ እግራቸው ቶሎ ያድጋል። በዚህ ብርድ ወፍራም ካልሲ የማይለየው ደንበኛም ካልሲውን እንዳደረገ ይለካ።