ጂምፕ ላይ ፎቶ አልቆረጥ ሲል

ጂምፕ በነፃ ከሚገኙት የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሞች ጉልበት ካላቸው አንዱ ነው። ችግሩ፣ እምቢ ሲል ምክንያቱን በግልጽ አይናገርም። ብዙ ጊዜ ግን የተበላሸ ነገር የለም፤ ወይ ሰሌክት ተደርጎ የተረሳ ቦታ አለ፣ ወይ የተመረጠው ሌየር (ከተደራረቡት የምስሉ ንጣፎች አንዱ) ሌላ ነው።

ብሩሹ አይቀባም፣ ማጥፊያው አያጠፋም

አንድ ቦታ ሰሌክት ከተደረገ ጂምፕ ከዚያ ውጭ ምንም አያስነካም። ፎቶውን በጣም አቅርበው እየሠሩ ከሆነ ጥግ ላይ የቀረች ሚጢጢ ምርጫ አትታይዎትም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና የ"A" ቁልፍን አንድ ላይ ይጫኑ፣ ምርጫው ይለቃል። ካልሆነ የሌየሮቹን ዝርዝር ይዩ፤ የሚፈልጉትን ሌየር ጠቅ አድርገው ይቀጥሉ።

ክሮፕ ያደረጉት አንዱን ሌየር ብቻ ቆረጠ

የክሮፕ መሣሪያው አማራጮች ውስጥ "አሁን ያለውን ሌየር ብቻ" የሚለው ምልክት ተደርጎበታል። ያንሱት። ሳጥኑ እንደ ልብ አልሰፋ ካለ ደግሞ "ፊክስድ" የሚለውን ያጥፉ።

የተቆረጠው ክፍል ተመልሶ መጣ

ይቺን ልብ ይበሉ። "የተቆረጡ ፒክሰሎችን አጥፋ" የሚለው ካልተመረጠ ጂምፕ የቆረጡትን አይጥለውም፣ ከሸራው ውጭ ይደብቀዋል። ሐሳብዎን ከቀየሩ ጥሩ ነው። ግን የመታወቂያ ቁጥር ወይም የሌላ ሰው ፊት ቆርጠው ኤክስሲኤፍ (የጂምፕ የራሱ ዓይነት) ፋይሉን ለሰው ከላኩ፣ ተቀባዩ ሊያወጣው ይችላል። እንዲህ ላለው ሥራ አማራጩን ያብሩ፣ የሚልኩትም ጄፔግ ወይም ፒኤንጂ ይሁን።

አስማተኛው ዘንግ (ፈዚ ሰሌክት) ወይ ትንሽ ይመርጣል፣ ወይ ሁሉን ይጠራርጋል

መሣሪያው የሚያየው ዕቃውን ሳይሆን የቀለሙን ቅርበት ነው። ጥላ ካለ ያቆማል፣ ልብሱና ግድግዳው ከተመሳሰሉ አልፎ ይሄዳል። ልኩ "ትሬሽሆልድ" ይባላል። በቁጥር ከመገመት ይልቅ ጠቅ አድርገው ሳይለቁ ወደ ታች ይጎትቱ፣ ምርጫው ሲሰፋ በዓይንዎ ያዩታል። የጎደለውን ሺፍት ይዘው ይጨምሩ፣ የተረፈውን ኮንትሮል ይዘው ይቀንሱ፤ ቁልፉ የሚያዘው ከመጫንዎ በፊት ነው። ለተንጨባረረ ፀጉር ግን ዘንጉን ይተዉት፣ "ፎርግራውንድ ሰሌክት" ይሻላል።

ዲሊት ሲሉ ነጭ ይሆናል

ጄፔግ ፎቶ አልፋ ቻናል (ባዶ ቦታን የሚይዘው ክፍል) የለውም፤ ያጠፉት ቦታ በጀርባ ቀለም ይሞላል። ከሌየር ሜኑ "ትራንስፓረንሲ" ውስጥ "አድ አልፋ ቻናል"ን ይምረጡና እንደገና ያጥፉ። ጠርዙ ላይ የድሮው ጀርባ ክር መስሎ ከቀረ፣ ኮንትሮልና ዜድ ብለው ይመለሱ፣ የሚጠፋውን ምርጫ በ1 ፒክሰል ያስፉትና ያጥፉ።

ሴቭ አድርጌ ፎቶው እንደነበረው ነው

ሴቭ የሚያወጣው ኤክስሲኤፍ ብቻ ነው። ዋናውን ፎቶ አይነካውም። ከፋይል ሜኑ "ኤክስፖርት አዝ" ይበሉ፤ ጀርባው ባዶ እንዲሆን ከፈለጉ የስሙ መጨረሻ ፒኤንጂ ይሁን፣ ጄፔግ ባዶውን አይዝም።