ሽታው ሳይጠፋ ደውሉ

የምኖረው ካሊፎርኒያ፣ ምዕራብ ኦክላንድ ውስጥ፣ አስም ካለባት እናቴ ጋር ነው። ከጓሯችን ጀርባ መኪና የሚቀባ ጋራዥ አለ። አምና ማታ ማታ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ ቤታችን እየገባ እናቴን ትንፋሽ ያሳጥራት ጀመር። በመጀመሪያው ቀን «ጠዋት እደውላለሁ» ብዬ አደርኩ። በማግስቱ ደውዬ የአየር ጥራት ተቆጣጣሪ ሲደርስ ነፋሱ ዞሯል፤ ሽታው የለም። ራሱ ያላሸተተውን ደግሞ «አረጋግጫለሁ» ብሎ ሊጽፍ አይችልም። ስለዚህ ሽታው እያለ፣ በዚያችው ደቂቃ ደውሉ።

ምንጩ ጋራዥ፣ ፋብሪካ ወይም ነዳጅ ማደያ ከሆነ የሚደወለው ለቤይ ኤሪያ (ኦክላንድና ሳን ፍራንሲስኮ ላሉበት አካባቢ) የአየር ጥራት መሥሪያ ቤት ነው፤ 1-800-334-6367። አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ሽታው ምን እንደሚመስል፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ መቼ እንደጀመረ ንገሯቸው። ሰዓቱን በአሜሪካ አቆጣጠር ተናገሩ፤ የእኛ ማታ ሁለት ሰዓት ለእነርሱ ስምንት ነው። «ተቆጣጣሪው ቤቴ መጥቶ ያነጋግረኝ» በሉ፤ የአቤቱታውንም ቁጥር ጻፉ። ስማችሁ በምስጢር ይያዛል።

ጎረቤቶቻችሁም በየራሳቸው ይደውሉ። የካሊፎርኒያ ሕግ የሚከለክለው ብዙ ሰው የሚያውክ ጭስና ሽታ መልቀቅን ነውና፣ አንድ ሰው ስለ ሁሉም ከሚናገር አምስት ቤት ለየብቻ ቢደውል ይበልጣል።

ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ ለሚያጨስ የጭነት መኪና ግን ጥሪው ለክፍለ ግዛቱ የአየር ሀብት ቦርድ ነው፤ 1-800-363-7664። ከባድ የናፍጣ መኪና በአብዛኛው ከ5 ደቂቃ በላይ ሞተር አስነሥቶ መቆም አይፈቀድለትም። የሰሌዳ ቁጥሩን፣ በሩ ላይ የተጻፈውን ስም፣ ቦታውንና ሰዓቱን መዝግቡ። ለምደነው እንጂ ቀላል ጭስ አይደለም፤ ካሊፎርኒያ የናፍጣ ጭስ ብናኝን በ1998 እ.ኤ.አ. ከመርዛማ የአየር በካዮች መዝገብ ያስገባችው ካንሰር ስለሚያመጣ ነው።

እናቴ «የሰው እንጀራ አትዝጊ» እያለች ትለምነኝ ነበር። በሁለተኛው ጥሪ ተቆጣጣሪው በ40 ደቂቃ ደረሰ። ለካ ቀለሙን የሚረጩት በሩን ከፍተው ኖሯል። አሁን ዘግተው ይሠራሉ፤ ከሥራው የተባረረ ማንም የለም።

ሌላው የፖስታ ሣጥናችሁ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው የግዛቱ ሕግ መርዛማ ልቀቱ ለጤና ከፍተኛ ሥጋት የሆነ ድርጅት ለአካባቢው ነዋሪ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር አትጣሉት፤ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው አስነብቡ፣ ስብሰባ ከተጠራም ሄዳችሁ ጠይቁ።