የዶቃ ሥራችሁ ክሩ እየላላ ካስቸገራችሁ

ዶቃ ወይም ጨሌ የምትሠሩ፣ ይህቺን ያዙልኝ። አምባሩ አልቆ በዶቃዎቹ መሃል ክሩ ብቅ ብሎ ከታየ ሥራው ላልቷል። ግን ለመፍታት አትቸኩሉ።

የላላው ጥቂት ረድፍ ከሆነ የተረፈውን ክር በመርፌ ከዶቃ ወደ ዶቃ እየሳባችሁ ወደ መጨረሻው አምጡት። በመርፌው ጎን ሳቡ እንጂ ክሩን አትውጉት፤ የተወጋ ክር ይሰነጠቃል። ብዙ ረድፍ ከላላ ደግሞ አዲስ ክር አስገብታችሁ የመጀመሪያው በሄደበት መንገድ ድገሙት። ቀዳዳው ሲሞላ ዶቃው መንቀሳቀሱን ያቆማል። ጠባብ ከሆነ ቀጭን መርፌ ፈልጉ፤ በግድ ካስገባችሁ የመስታወት ዶቃ ይሰበራል።

ከመነሻው እንዳይላላ ዋናው ነገር ክሩ ነው። የናይለን ክር ይለጠጣል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ጎተት ጎተት አድርጉት። ከዚያ በንብ ሰም ላይ ሁለት ሦስቴ አሳልፉት፤ ሰሙ ክሩ እንዳይንሸራተት ይይዝላችኋል። መነሻው ላይ አንድ ትርፍ ዶቃ አስገብታችሁ ክሩን ሁለቴ አሳልፉበት፤ ሌሎቹ እንዳያመልጡ ይጠብቃል፣ ሥራው ሲያልቅ ይወጣል።

ስትሠሩ ደግሞ አምስት ስድስት ዶቃ ከሄዳችሁ በኋላ ሳይሆን በእያንዳንዷ ዶቃ ክሩን ሳብ አድርጉ፣ በሌላው እጅ አውራ ጣትም ያዙት። ከልክ በላይ ማጥበቅ ግን ይቅርባችሁ፤ አምባሩ ይገተርና እጅ ላይ አልተኛ ይላል።