የእናቴ ጭቃ ቤት ግድግዳ መሰንጠቁን እንዴት አቆምኩት

ምርጊቱ በየበጋው ይሰነጠቅና ከማገሩ እየለቀቀ ይረግፍ ነበር፤ ስንጥቁ ጣት ያስገባል። ሰፈርተኛው "በሲሚንቶ አስለስኑት" ይላል። እኔ አልተስማማሁም። ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር አብሮ አይለጠጥም፣ ከኋላው የገባውን እርጥበትም አፍኖ ይይዛል፤ ውሎ አድሮ እንደ ቅርፊት ይነሳል።

ችግሩ አፈሩ ነው። ቤቱ የተመረገው ከጓሮ በተቆፈረ መረሬ፣ ማለትም በጥቁር ሸክላማ አፈር ነበር። መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የቱንም ያህል ቢረገጥ ጠባዩ አይለቀውም። ስለዚህ ቀይ አፈር አስመጣሁ። ጥቂቱን በጠርሙስ ውሃ በጥብጬ አሳደርኩት፤ አሸዋው ከታች፣ ደለሉ ከመሃል፣ ሸክላው ከላይ ተለይቶ ረጋ። ሸክላው ስለበዛ አሸዋ መጨመር ነበረብኝ። መጠኑን እየለዋወጥኩ ግድግዳው ላይ የመዳፍ ስፋት ያህል እየለጠፍኩ አደረቅሁ። ሳይሰነጠቅ የደረቀውና በጥፍር ሲፋቅ ያልረገፈው አንድ እጅ አፈር ለአንድ እጅ አሸዋ የሆነው ነው። የእናንተ አፈር ሌላ መጠን ሊፈልግ ይችላል፤ እባካችሁ ሳትሞክሩ አትምረጉ።

ጭድ ከሆነ የጤፍ ይሁን፤ ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ጭቃውን ሰቅዞ ይይዛል። ጭቃው ከጭዱ ጋር ተቦክቶ፣ ውሃ እየተጨመረበትና እየተረገጠ እስኪሸት ድረስ ይቆይ። ሽታው ሲመጣ ጭዱ ለስልሷል፣ ጭቃውም እጅ ላይ ይለጠጣል።

አሮጌውን ምርጊት እስከ ማገሩ አራግፌ፣ እንጨቱን ውሃ ረጭቼ መረግሁ። የላይኛው ስስ ልስን እበት የገባበት ነው። አሁን በጋው ተጋምሷል፤ መስኮቱ ጥግ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አለ፣ እሱን በዚያው ልስን እደፍነዋለሁ።