አዲስ አበባ መሀል ማረፊያ ሰፈር ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለሕክምና፣ ለቪዛ ቀጠሮ፣ ለንግድ፣ ለሠርግ ወይም ለጉብኝት ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አልጋ ሲይዝ በቅድሚያ የሚጠይቀው የአንድ ሌሊቱን ዋጋ ነው። ክፍሉ ንጹሕ መሆኑን፣ ሙቅ ውሃና ዋይፋይ መኖሩን ያጣራል፤ ሰፈሩን ግን ስሙን ብቻ ሰምቶ ያልፈዋል። ያልተመቸ ክፍል በማግስቱ ሊለወጥ ይችላል። ከጉዳዩ ጋር የማይገናኝ ሰፈር የያዘ እንግዳ ግን ጠዋትና ማታ ሰዓታትን መንገድ ላይ ያሳልፋል፣ ቀጠሮው ያልፈዋል፣ ከአልጋ ዋጋ የቆጠበውንም ለታክሲ ይከፍላል። ከዚህ በታች የቀረቡት ስህተቶች በመሀል ከተማ ማረፊያ ሲፈለግ ደጋግመው የሚታዩ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ የሚመነጩት ሰፈርን ከመጡበት ጉዳይ ለይቶ ከመምረጥ ነው።

«መሀል ከተማ»ን እንደ አንድ ቦታ መቁጠር

አዲስ አበባ አንድ መሀል የላትም። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ቤተ መንግሥቱ በአንድ ኮረብታ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንና የአራዳ ገበያ በሌላ ወገን፣ የመኳንንቱም ሰፈሮች በየአቅጣጫው ተራርቀው የተመሠረቱ ነበሩ። በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር ከተማዋ ሲደርስ ለገሐር ሌላ ማዕከል ሆነ፤ ጣሊያን አገሪቱን በያዘበት ጊዜ ደግሞ ዋናው ገበያ ከአራዳ ወደ መርካቶ ተዛወረ፤ በኋላም አየር ማረፊያው ከተማዋን ወደ ቦሌ ሳባት። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሆቴል «መሀል ከተማ ነን» ሲል ፒያሳን፣ አራት ኪሎን፣ መርካቶን፣ ለገሐርን፣ ሜክሲኮን፣ ካዛንቺስን ወይም ቦሌን ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ልክ ናቸው፣ እርስ በርሳቸው ግን የሚተካኩ አይደሉም። ለሙዚየምና ለቤተ ክርስቲያን ጉብኝት የመጣ ሰው ከአየር ማረፊያው አጠገብ ቢያርፍ፣ ወይም ሌሊት በአውሮፕላን የሚነሣ ሰው መርካቶ ውስጥ ቢያድር፣ ሁለቱም «መሀል ከተማ» አርፈዋል፤ ሁለቱም ግን የማይረባቸውን ሰፈር ይዘዋል።

ጉዳዩ የት እንደሚፈጸም ሳያረጋግጡ አልጋ መያዝ

ከሁሉም የበለጠ ዋጋ የሚያስከፍለው ይህ ነው፤ በተለይ ሕመምተኛ ይዘው ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ቤተሰቦችን እጅግ ያንገላታል። «አዲስ አበባ ሆስፒታል ተልከናል» ብሎ መነሣት አይበቃም። ጥቁር አንበሳ የሚገኘው በቸርችል ጎዳና አካባቢ፣ ከሜክሲኮና ከለገሐር በቅርብ ርቀት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ከመርካቶ በስተ ሰሜን ወደ ዊንጌትና ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። የካቲት 12 ስድስት ኪሎ ነው፤ ዘውዲቱ ወደ መስቀል አደባባይ ይቀርባል፤ አለርት ደግሞ ከመሀል ከተማ ወጣ ብሎ በጅማ መንገድ በኩል ይገኛል። ታካሚው በማለዳ ወረፋ መያዝ፣ ካርድ ማውጣት፣ ለምርመራ ደጋግሞ መመላለስ እንደሚኖርበት ሲታሰብ፣ በእግር ወይም በአንድ አጭር ታክሲ የሚደረስበት መጠነኛ ፔንሲዮን በሌላው የከተማዋ ጫፍ ካለ የተሻለ ሆቴል ይበልጣል። አስታማሚውም ምግብ ለማድረስና ተራ ለመቀያየር የሚችለው ማደሪያው ቅርብ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ በሪፈር ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን የሆስፒታሉን ስም አይተው፣ ሆስፒታሉ ከአንድ በላይ ቅጥር ግቢ ካለው ክፍሉ በየትኛው እንደሆነ ጠይቀው፣ ከዚያ በኋላ አልጋ ይፈልጉ።

የኤምባሲ ጉዳይም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ ኤምባሲ ከስድስት ኪሎ አልፎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ላይ ስለሆነ፣ የማለዳ ቀጠሮ ያለው ሰው ስድስት ኪሎ ወይም አራት ኪሎ አካባቢ ቢያድር ትንፋሽ ያገኛል። ቦሌ አድሮ በዚያው ጠዋት ከተማዋን ከደቡብ ወደ ሰሜን ማቋረጥ ግን ለዓመት የተጠበቀን ቀጠሮ ለመንገድ መጨናነቅ አሳልፎ መስጠት ነው። የእንግሊዝ ኤምባሲ ደግሞ ከቀበና ወደ መገናኛ በሚወስደው መስመር ላይ ስለሚገኝ ከአራት ኪሎም ከመገናኛም በኩል ይደረስበታል።

ለንግድ የሚመጣ ሰው ጉዳዩ ብዙ ጊዜ መርካቶ ነው። ዕቃ መርጦ፣ አሳስሮ፣ ጭኖ የሚመለስ ነጋዴ አውቶቡስ ተራ ወይም ሰባተኛ አካባቢ ማደሩ ምክንያታዊ ነው፤ ሰፈሩ ግርግር የበዛበት ስለሆነ ገንዘብና ስልክን በጥንቃቄ መያዝ፣ ሲመሽም ከማያውቁት መንገድ መራቅ ይገባል። ለጉብኝት ለሚመጣ ቤተሰብ በእኔ ግምት ከአራት ኪሎና ከፒያሳ የሚበልጥ ሰፈር የለም። የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ ድንቅነሽ የምትገኝበት ብሔራዊ ሙዚየም፣ በስድስት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልና በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከዚያ ሆነው በእግር ወይም በአጭር ታክሲ የሚደረስባቸው ናቸው። ልጆችን ይዞ በቀን ሁለት ሦስቱን ማየት የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

በ«ቦሌ» ስም መታለል

«ቦሌ» የሚለው ስም የክፍለ ከተማም፣ የመንገድም፣ የአየር ማረፊያም፣ የበርካታ ሰፈሮችም ስም ነው። ቦሌ መድኃኔዓለምና ቦሌ ሩዋንዳ ለአየር ማረፊያው ቅርብ ናቸው። ቦሌ ቡልቡላ ግን ከአየር ማረፊያው ባሻገር ነው፤ ቦሌ አራብሳ ደግሞ በከተማዋ ምሥራቃዊ ዳር ያለ የኮንዶሚኒየም መንደር ነው። አከራዩ «ቦሌ ነው» ሲል ውሸት አልተናገረም፤ እርስዎ ግን ያሰቡት ሌላ ቦታ ነበር። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ማረፊያው ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን፣ አደባባይ ወይም የታወቀ ሕንፃ አጠገብ እንደሆነ ይጠይቁ፣ ሎኬሽኑንም በስልክ ያስልኩ። በአዲስ አበባ ሾፌርም እግረኛም የሚግባባው በምልክት እንጂ በቤት ቁጥር አይደለም፤ ምልክቱን መናገር የማይችል ወይም የማይፈልግ አከራይ ካጋጠመዎ ሌላ ይፈልጉ።

ርቀትን በኪሎ ሜትር ብቻ መለካት

ካርታ ላይ ሲታይ መሀል አዲስ አበባ ትንሽ ናት። ከለገሐር እስከ ፒያሳ ያለው ቸርችል ጎዳና ሲታይ ቀጥ ያለና አጭር ነው፤ ዳገት መሆኑን ግን ካርታው አይናገርም። አየር ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲሆን፣ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከተማዋም በሁለቱ መካከል ከደቡብ ወደ ሰሜን እየወጣች ትሄዳለች። ከቆላ አገር ለመጣ ሰው፣ ለአረጋዊ፣ የልብ ወይም የአስም ሕመም ላለበት፣ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። እናትዎን ወይም አባትዎን ይዘው ከመጡ ማረፊያው ከዳገቱ በላይ ይሁን በታች፣ መኝታ ክፍሉ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ ሊፍቱም በርግጥ የሚሠራ መሆኑን ያጣሩ።

ካርታው የማይናገረው ሁለተኛው ነገር ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላም ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ፣ እሑድ በሩብ ሰዓት የሚያልቀው መንገድ ከእጥፍ በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ታክሲ ማግኘት ራሱ ሌላ ሥራ ነው። ክረምት ላይ የሚመጡ ከሆነ ከዋናው መንገድ ገባ ባለ ጭቃማ ቅያስ ውስጥ ያለ ማረፊያ ከመያዝ ይቆጠቡ።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሁለት መስመሮች ያሉት ሲሆን፣ ከስታዲየም እስከ ልደታ ያለውን ሐዲድ ሁለቱም ይጋሩታል። ስለዚህ በስታዲየም፣ በለገሐር፣ በሜክሲኮ ወይም በልደታ አካባቢ ያረፈ ሰው ወደ አያትም፣ ወደ ጦር ኃይሎችም፣ ወደ ቃሊቲም፣ ወደ ምኒልክ አደባባይም መሥመር አለው። ባቡሩ የሚመጣበት ጊዜ ሁልጊዜ እኩል ስላልሆነና ስለሚጨናነቅም፣ የግድ ሊደርሱበት ለሚገባ ቀጠሮ በእሱ ብቻ አይተማመኑ።

በቀድሞ ትዝታ ሰፈር መምረጥ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው፣ በተለይም ከውጭ አገር የሚመለስ ወገን፣ የሚያስበው የድሮዋን ፒያሳና የድሮዋን ካዛንቺስ ነው። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት በፒያሳ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙ ነባር ቤቶች ፈርሰዋል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ተራው የካዛንቺስ ሆኗል። የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ሰፍተዋል፣ መብራትም ተተክሏል፤ በዚያው ልክ ርካሽ ማደሪያዎች፣ የምግብ ቤቶችና ሱቆች የነበሩባቸው ጉራንጉሮች ጠፍተዋል። ለተወለዱባቸውና ላደጉባቸው ሰዎች ይህ ከባድ ነገር ነው። ለእንግዳ ግን የሚከተለው ተግባራዊ ነው፦ ወዳጅ ከአራት ዓመት በፊት ያረፈበትን ፔንሲዮን ሲጠቁምዎ መኖሩን፣ ካለም በዙሪያው ግንባታ መኖር አለመኖሩን ደውለው ያረጋግጡ፤ ጉግል ማፕ ላይ ያሉ የቆዩ ፎቶዎችንም እንደ ማስረጃ አይውሰዱ።

ተመሳሳይ ስህተት በመጓጓዣ ላይም ይታያል። ለገሐር ስሙና ነባሩ ሕንፃ አለ እንጂ የዛሬው የጅቡቲ ባቡር የሚነሣው ከከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ዳር፣ ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ነው። ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄዱ አውቶቡሶችም ሁሉ ከአውቶቡስ ተራ አይነሡም፤ ወደ ደብረ ብርሃንና ደሴ አቅጣጫ ላምበረት፣ ወደ አዳማና ሐዋሳ ቃሊቲ፣ ወደ ጅማ አየር ጤና መናኸሪያዎች አሉ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ መገኘት ያለብዎ ከሆነ የመጨረሻዋን ሌሊት ብቻ ወደ መነሻው ማዛወር በቂ ነው፤ ለአንድ ማለዳ ሲባል ሙሉውን ሳምንት መናኸሪያ አጠገብ ማሳለፍ አያስፈልግም።

የከተማዋን ቀን መቁጠሪያ መርሳት

መስከረም 16 የደመራ በዓል በመስቀል አደባባይ ሲከበር፣ በመስከረም መጨረሻ ኢሬቻ ሲውል፣ ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ ሲካሄድ፣ በዙሪያው ያሉ መንገዶች ለተሽከርካሪ ይዘጋሉ። ከጥር 10 ጀምሮ ደግሞ ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳ ስለሚወርዱ ስድስት ኪሎና አካባቢው በሕዝብ ይሞላል። ለበዓሉ የመጣ ሰው በእግር ሊደርስበት የሚችል ሰፈር ይምረጥ፤ በሌላ ጉዳይ የመጣ ሰው ግን ከእነዚህ ቦታዎች ራቅ ይበል። የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ በአብዛኛው የካቲት ላይ ሲካሄድ ከቦሌ እስከ ሜክሲኮ ያሉ ሆቴሎች ይሞላሉ፣ ዋጋም ይጨምራል፣ የመሪዎች አጀብ በሚያልፍበት ሰዓትም መንገድ ይዘጋል፤ አውሮፕላን የሚይዙ ከሆነ ይህን አስቀድመው ያስሉ።

ክፍሉን አይቶ ዙሪያውን አለማየት

ክፍሉን በቀን ማየት ስለ ሌሊቱ ብዙ አይነግርም። ቺቺኒያ በሚባለው አካባቢና በአንዳንድ የሃያ ሁለት መንገዶች ሙዚቃው እስከ ሌሊት ይዘልቃል። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አጠገብ የሚያድር ሰውም በድምፅ ማጉያ የሚሰማ ማኅሌት፣ ቅዳሴ ወይም አዛን እንደሚኖር ይወቅ፤ ለብዙዎች ይህ በረከት ነው፣ እንቅልፍ ለሚያስፈልገው ታካሚ ግን ከመንገዱ ዞር ያለ ክፍል መጠየቅ ተገቢ ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣባቸው ሰፈሮች ስላሉ ሮቶ መኖሩን፣ መብራት ሲጠፋም ጄኔሬተሩ ለክፍሎቹ ጭምር የሚያገለግል መሆኑን ይጠይቁ።

ዘመድ ቤት ስላለ ብቻ ማረፊያ አያስፈልግም ማለት

ይህ በጨዋነት ምክንያት የሚደጋገም ስህተት ነው። እኅትዎ ወይም የአጎትዎ ልጅ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሊኖሩ ይችላሉ፤ እርስዎም እነሱ ቤት አለማረፍ እንደ ንቀት እንዳይቆጠርብዎ ይሰጋሉ። ነገር ግን ከዚያ ተነሥቶ በማለዳ ጥቁር አንበሳ ለመድረስ ሕመምተኛውን ሌሊት መቀስቀስ፣ ባለቤቶቹንም አብሮ ማንቃት ይሆናል። ከመምጣትዎ በፊት ደውለው ቀጠሮው የትና ስንት ሰዓት እንደሆነ በግልጽ ይንገሯቸው፤ ዘመድ ምክንያቱን ሲሰማ አይቀየምም። የቀጠሮውን ዋዜማና የምርመራውን ቀናት ሆስፒታሉ አጠገብ አድረው፣ ቅዳሜና እሑድን ከእነሱ ጋር ማሳለፍ ይችላሉ፤ ለመመለሻውም ከእነሱ ቤት የሚቀርበው መናኸሪያ የትኛው እንደሆነ ጠይቀው ትኬትዎን ከዚያው ይቁረጡ።