ሚስማሩ ዝጓል፣ አርሴኒኩ ግን አልቀረም፦ የካንቻን ማጣሪያ ችግርና መፍትሄ

በኔፓል ቆላ፣ ቴራይ በሚባለው አካባቢ፣ ብዙ ቤተሰብ የሚጠጣው ከእጅ ፓምፕ ነው። በብዙ ቦታ ውሃው አርሴኒክ የተባለ መርዝ ይዞ ይወጣል። አርሴኒክ ሽታም ጣዕምም የለው፤ ቢያፈሉትም አይጠፋም። ካንቻን የተባለው የቤት ማጣሪያ የተሠራው ለዚህ ነው። ከላይ 5 ኪሎ ያህል ሚስማር፣ ከሥሩ ደቃቅ አሸዋ አለው። ሚስማሩ ሲዝግ የሚፈጠረው የብረት ኦክሳይድ አርሴኒኩን ይይዛል፤ የሚረግፈውን ዝገት ደግሞ አሸዋው ያስቀረዋል።

ውሃው ኩልል ብሎ ይወርዳል፣ ምርመራው ግን አርሴኒክ ያሳያል

ከሁሉም የሚያሰጋው ይሄ ነው፤ ዓይን አይቶ አይለየውም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የአርሴኒክ ጣሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው።

መጀመሪያ ክዳኑን ከፍታችሁ ሚስማሩን እዩ። ከሳምንታት በኋላም የሚያብለጨልጭ ከሆነ ዚንክ የተለበጠ ነው፤ አይዝግም። በተራ የብረት ሚስማር ቀይሩት። ዝጎ መሀሉ ከጎደጎደስ? የምትጨምሩት ውሃ ሚስማሩን ገፍቶ ለራሱ መንገድ አበጅቷል፣ ዝገቱን ሳይነካ ያልፋል ማለት ነው። በእጅ ደልድሉት፣ ላዩን በጡብ ስባሪ ሸፍኑት፣ ውሃውንም ቀስ ብላችሁ ጨምሩ።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ ጣጣው ከውሃው ነው። በውሃው ውስጥ ያለ ፎስፌት የተባለ ንጥረ ነገር ከአርሴኒክ ጋር ስለሚመሳሰል ዝገቱ ላይ ያለውን ቦታ ይሻማዋል። ፒኤች (የውሃው አሲድነት ወይም አልካሊነት መለኪያ) ከ8 በላይ ሲወጣም ዝገቱ የመያዝ አቅሙ ይዳከማል። እንዲህ ያለ ጉድጓድ ላይ ሚስማር መቀያየር ድካም ነው። ለመጠጥ የተመረመረ ሌላ ጉድጓድ ፈልጉ፤ ይሄኛው ለልብስ ማጠቢያ ይሁን።

ውሃው ጠብ ጠብ ይላል

የአሸዋው ገጽ በዝገት ተደፍኗል። የሚስማሩን ሳህን አንሱ፣ የአሸዋውን ላይኛውን ክፍል ብቻ በጣት አማስሉ፣ የደፈረሰውን ቀድታችሁ አውጡ። ጠለቅ አድርጋችሁ አትቆፍሩ። ዝቃጩ አርሴኒኩን የያዘ ስለሆነ ከጉድጓድና ከጓሮ አትክልት አርቃችሁ ቅበሩት፤ ልጆች እንዳይነኩት።

ቀይ ውሃ ይወጣል

አሸዋው በደንብ አልታጠበም ወይም ተነካክቷል። እስኪጠራ ድረስ ውሃ አሳልፉበት፣ እስከዚያ አትጠጡት።

በእኛስ ስምጥ ሸለቆ?

እዚያ በይበልጥ የሚታወቀው ፍሎራይድ ነው፤ በአንዳንድ ጉድጓዶች አርሴኒክም አለ። የሚስማር ማጣሪያ ለፍሎራይድ አይሆንም። ለሱ ከሚያገለግሉት አንዱ የአጥንት ከሰል ነው። የአካባቢው ውሃ ፒኤችም ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ማጣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ፍሎራይዱን፣ አርሴኒኩንና ፒኤቹን አስመርምሩ።