«ሂንተርላንድ»ን አይተው ሲፈርዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስለዚህ የዌልስ የወንጀል ድራማ ሲወራ የምሰማው ሁለት ዓይነት ፍርድ ነው። አንዱ «እንቅልፍ ጣለኝ» ይላል። ሌላው «ድንቅ ነው» ይልና ምኑ እንደሆነ ሲጠየቅ ስለ ተራራው ያወራል። የመጀመሪያውን ፍርድ እኔም ሰጥቼዋለሁ። አንደኛውን ክፍል ያየሁት ሸሚዝ እየተኮስሁ ነበር፤ ሲያልቅ ማን ማንን እንደገደለ አልገባኝም፤ ጥፋቱን በድራማው ላይ ለጥፌ ተኛሁ። ከሚከተሉት ስህተቶች ግማሾቹ የራሴ ናቸው።

ላላዩት፦ ታሪኩ የሚካሄደው በምዕራብ ዌልስ፣ በኬረዲጊዮን አውራጃ፣ በባሕር ዳርቻዋ ከተማ አበረስትዊዝና በዙሪያዋ ባለው ገጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ጀምሮ ሦስት ምዕራፍ ሄዷል። ሪቻርድ ሃሪንግተን የሚጫወተው ዋና መርማሪ ቶም ማታያስ ከለንደን የመጣ፣ ገደል አፋፍ ላይ በቆመ ተጎታች ቤት የሚኖር፣ ሐዘኑን ለማንም የማያወራ ሰው ነው። አጋሩ ማሬድ ሪስ ናት፤ ተዋናይቷ ማሊ ሃሪስ።

«ምንም አይከሰትም» ብሎ ማጥፋት

አንዱ ክፍል አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ተኩስና ማሳደድ የሚጠብቅ ሰው በእርግጥ ይሰለቻል። እዚህ የሚመጣው እንዲህ ያለ ነገር ነው፦ መኪና በጠባብ መንገድ ላይ ከሩቅ ትታያለች፤ ካሜራው አይከተላትም፣ እስክትደርስ ይጠብቃታል። መርማሪው ወርዶ ያንኳኳል። የቤቱ ባለቤት ይከፍታል፤ ግን ግቡ አይልም። ጥያቄ ይጠየቃል። መልስ ከመምጣቱ በፊት ሰውየው ወደ ጓዳ ዘወር ብሎ ያያል።

ምርመራው ያ መዞር ነው። ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት አገር ውስጥ ማስረጃ የሚገኘው ከላቦራቶሪ ይልቅ ሰዎች ሳይናገሩ ከሚያልፉት ነገር ነው፤ ዓይኑን ወደ ስልኩ የመለሰ ተመልካች ያችን ቅጽበት አያገኛትም። ረጅሙ የመኪና ጉዞም እውነተኛ ምክንያት አለው። አካባቢውን የሚጠብቀው የዳቨድ ፓውዊስ ፖሊስ በእንግሊዝና በዌልስ ካሉት የፖሊስ ክልሎች በስፋት ትልቁ ነው፤ ከዌልስ መሬት ከግማሽ በላዩን ይሸፍናል። እዚያ አንድ ምስክር ለማነጋገር ተራራ መሻገር የተለመደ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ የተቀዱ የቱርክ ድራማዎችን ስናይ ሁለት ሰው ተፋጥጦ ደቂቃዎች ሲያልፉ ማን ተማረረ? ልዩነቱ እዚያ ሙዚቃው መቼ ማዘን እንዳለብን ይነግረናል፤ እዚህ ደግሞ የሚሰማው ንፋስ ነው።

«የስካንዲኔቪያ ቅጂ ነው» ማለት

ፍርዱ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ድራማው ሲወጣ ብሪታንያውያን በዴንማርክና በስዊድን የወንጀል ድራማዎች ፍቅር ተይዘው ነበር። የዴንማርክ ብሔራዊ ጣቢያም ይህን የዌልስ ሥራ ገና በአገሩ ሳይታይ ገዝቶታል። ግራጫው ሰማይ፣ የማይስቀው መርማሪ፣ ዝናቡ፤ ዘመድነቱን አልክድም። ነገር ግን ታዋቂዎቹ የዴንማርክ ሥራዎች አንድ ግድያ ይዘው ምዕራፉን ሙሉ ይሄዳሉ፤ ሚኒስትርና የፓርቲ ሹም ይጎትታሉ። «ሂንተርላንድ» ደግሞ በየክፍሉ አንድ ጉዳይ ይዘጋል፤ ጉዳዩም የእርሻ ቦታ፣ የድሮ በደል፣ ቤተሰብ ተስማምቶ የቀበረው ምስጢር ነው። ሃያና ሠላሳ ዓመት የተቀመጠ ቂም ምን እንደሚያደርግ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል።

«የትርጉም ጽሑፍ ማንበብ አልፈልግም፣ እንግሊዝኛው ይበቃኛል» ማለት

በእኔ ግምት ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ድራማው ሁለት ጊዜ ተቀርጿል፤ አንዴ በእንግሊዝኛ፣ አንዴ በዌልስ የራሷ ቋንቋ በዌልሽኛ። አንድ ትዕይንት በአንደኛው ቋንቋ ይሠራል፤ ከዚያ እነዚያው ተዋናዮች፣ እዚያው ጭቃ ላይ ቆመው፣ በሌላው ቋንቋ ይደግሙታል። ድምፅ ተቀድቶ የተለጠፈበት ሥራ አይደለም። ዌልሽኛው «ኧ ግዊል» ተብሎ በኦክቶበር 2013 በዌልሽኛው ጣቢያ በኤስ ፎር ሲ ታየ፤ እንግሊዝኛው፣ ዌልሽኛ ጣል ጣል እየተደረገበት፣ በጃንዋሪ 2014 በቢቢሲ ዌልስ ቀረበ። ርእሶቹ እንኳን አንድ አይደሉም። የእንግሊዝኛው ርእስ ከከተማ ጀርባ ያለውን ሩቅ አገር ያመለክታል፤ አገሩን ከውጭ የሚያይ ሰው ቃል ነው። ዌልሽኛው «ድንግዝግዝታ» ነው የሚለው፤ እዚያው ተቀምጦ ሲመሽ የሚያይ ሰው ቃል።

የመጀመሪያው ክፍል የሚዞርበት ሸለቆም እንደዚሁ ሁለት ስም አለው። በእንግሊዝኛ የሰይጣን ድልድይ ይባላል፤ በአፈ ታሪኩ ሰይጣን ለአንዲት አሮጊት ድልድይ ሠርቶ መጀመሪያ የሚሻገረውን ነፍስ ሊወስድ ሲጠብቅ፣ እርሷ ዳቦ ወርውራ ውሻ አስቀደመችበት። በዌልሽኛ ግን ሰይጣኑ የለም። ቦታው ፖንታርቨናኽ ነው፤ በመናኽ ወንዝ ላይ ያለ ድልድይ ማለት ነው፤ «መናኽ» ደግሞ መነኩሴ ነው። የእኛ «መነኩሴ» እና የእነርሱ «መናኽ» የግሪክ አያታቸው አንድ ነው። ሰይጣኑን ብቻ የሰማ ተመልካች ስለ ቦታው ግማሹን ብቻ ነው የሰማው።

ከዚህ ሁሉ የምወደው ግን ሌላ ነው። ዌልሽኛ እንደ አማርኛ «አንተ» እና «እርስዎ» አለው። ለቅርብ ሰው «ቲ»፣ ለሽማግሌና ለማያውቁት ሰው «ኺ» ይባላል። እንግሊዝኛው ሁለቱንም በአንድ ቃል ይጨፈልቃቸዋል፤ የትርጉም ጽሑፉም ያልፋቸዋል። የአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ግን እንዲህ ላለው ነገር ንቁ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ሳይ ዌልሽኛውን መርጬ፣ ከታች ያለውን ጽሑፍ በግማሽ ዓይኔ እያነበብሁ፣ ማን ማንን «ቲ» እንደሚል መከታተል ጀመርሁ። ጨዋታው ተለወጠብኝ። በፖሊስና በተጠያቂ መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሆነ ከአንዲት ፊደል ይሰማል።

የዌልሽኛው ጣቢያ ኤስ ፎር ሲ ራሱ በነፃ የተገኘ አይደለም። የዌልሽኛ ቴሌቪዥን እንደሚከፈት የተገባው ቃል ሲታጠፍ፣ ፖለቲከኛው ግዊንቮር ኤቫንስ እ.ኤ.አ. በ1980 እስከ ሞት ድረስ እጾማለሁ ብሎ ተነሣ፤ የማርጋሬት ታቸር መንግሥት ሐሳቡን ለወጠ፤ ኤስ ፎር ሲ በኖቬምበር 1982 ሥርጭት ጀመረ። በ2021 ቆጠራ ዌልሽኛ እናገራለሁ ያለው የዌልስ ሕዝብ 17.8 በመቶ ነበር፤ በኬረዲጊዮን 45.3 በመቶ። ገበሬው ለመርማሪው በዌልሽኛ ሲመልስ ለጌጥ እየተናገረ አይደለም፤ ጎረቤቱንም የሚያናግረው እንደዚያው ነው።

ድራማውን እንደ ዜና ማየት

«ዌልስ እንዲህ ጨለማ አገር ናት?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ገጥሞኛል። አይደለችም። አበረስትዊዝ እ.ኤ.አ. ከ1872 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ያላት የተማሪ ከተማ ናት፤ የዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ኮረብታዋ ላይ ተቀምጧል፤ በበጋ የባሕር ዳሩ መንገድ በጎብኚ ይሞላል። አካባቢው በብሪታንያ ወንጀል ከማይበዛባቸው አንዱ ነው። ድራማው ተማሪውን፣ አይስክሬሙንና ፀሐዩን ሆን ብሎ አስወጥቷል። የሚያናድደው የአገሬው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም፤ አገሩ በቴሌቪዥን በክፉ ገጿ ብቻ ስትታይ የሚሰማውን ስሜት እናውቀዋለን።

መብራት አብርቶ ማየት

አጭር ነው፦ ምስሉ ጨለማ የሆነው ቴሌቪዥንዎ ተበላሽቶ አይደለም። መብራቱን ያጥፉ፤ በቀን ከሆነ መጋረጃውን ይሳቡ። በስልክ ማየት ደግሞ አይሞከር።

ከመሃል መጀመር

«በየክፍሉ ጉዳዩ ይዘጋል ካልህ ከየትም ብጀምር ምን ቸገረኝ?» ይሉኝ ይሆናል። ቸግሮኛል። ሁለተኛው ምዕራፍ የተሻለ ነው ብለውኝ፣ ሸሚዝ እየተኮስሁ ያለፍሁትን የመጀመሪያ ክፍል ሳልመለስበት ከዚያ ቀጥዬ ነበር፤ ማታያስ ለምን እንደሚያዝን ሳላውቅ ሲያዝን ብቻ አየሁት። ከዚህ በላይ ግን በመጀመሪያው ክፍል የሰይጣን ድልድይ አጠገብ ስለነበረው የሕፃናት ማሳደጊያ የተነሣው ጉዳይ እዚያው አልተቀበረም፤ በሦስተኛው ምዕራፍ ተመልሶ ይመጣል። ሸሚዝ ሲተኩሱ ካለፋችሁት፣ ከሁለት ምዕራፍ በኋላ ዕዳው ይጠየቃል።

ዝምታውን ሁሉ ጥልቀት ብሎ ማሞገስ

ይህ ደግሞ የወዳጆቹ ስህተት ነው፤ ከጠላቶቹ ስህተት አይሻልም። ሁሉም ዝምታ እኩል አይደለም። ምስክሩ ወደ ጓዳ ዞሮ ሲያይ ያለው ዝምታ አንድ ነገር ይዟል። ማታያስ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ባሕሩን ሲመለከት ያለው ዝምታም የመጀመሪያ ጊዜ ይዟል፤ አምስተኛው ላይ ግን ባሕሩ ባሕር ብቻ ነው። የሰውየውን ሐዘን ከመጠን በላይ ስለሚያሳዩን፣ አጋሩ ማሬድ ልጅ እያሳደገች በዚያው ሥራ ላይ የምትሸከመው ነገር ብዙ ጊዜ ከበር ማዶ ይቀራል። በእኔ ዓይን ምርመራውን ከእርሱ ይልቅ የምታስኬደው እርሷ ናት፤ ተጠያቂው አፉን የሚከፍተው ብዙ ጊዜ እርሷ ወንበር ስባ ስትቀመጥ ነው። አንድ ክፍል ሙሉ ከእርሷ ጋር ቢውል፣ ተጎታች ቤቱንና ገደሉን ለአንድ ሳምንት ባላየው አይናፍቀኝም ነበር።